ለጎሽ የሚበቃ ባሩድ

ጣልያን ኢሉባቦርን ከያዘ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚያ ኅዳር በሁሩሙ ዙሪያ ያለው ቡና ከወትሮው ቀድሞ ቀላ፤ ፍሬው ከቅርንጫፉ እየተንጠባጠበ መሬት ላይ ይበሰብስ ጀመር። ለቃሚ ግን አልነበረም። ወደ ያዮ በሚወስደው ጫካ ውስጥ አንድ የቆሰለ ጎሽ ስላለ ሰው ሁሉ ከደጁ መራቅ ፈርቷል።

ጎሹን ያቆሰሉት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። የአገሩ ሰዎች "ጎሽ መንገድ ዘጋብን" ብለው ለካምፑ አለቃ ለተናንቴው አመለከቱ። እሱም ስድስት ወታደር ላከ። ወታደሮቹ ከሩቅ ሆነው ተኮሱ፣ ደም አዩ፣ "ሞቷል" ብለው ተመለሱ። አልሞተም። በአራተኛው ቀን ቀፎውን ሊያይ የሄደውን መገርሳን ከኋላው መጥቶ ጭኑን ሰበረው። መገርሳ የተረፈው ከወደቀ ግንድ ሥር ተንከባሎ ስለገባ ነው። ጎሹ ግንዱን በቀንዱ ሲፈነቅል፣ ሲያሸት፣ ሲመለስ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አልተወውም።

አምባዬ የመገርሳ ጎረቤት ነው። አባቱ ከሰሜን በወታደርነት መጥተው እዚያው አግብተው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ሲሞቱ የተዉለት የቡና መሬትና አንድ ነፍጥ ነው። በመንደሩ የቀረው ጠመንጃ ያ ብቻ ነበር። የቀረውም ጣልያን ንቆት ነው። መሣሪያ ሲሰበሰብ አምባዬ ነፍጡን እንደ ሰው ሁሉ ተሸክሞ ካምፕ ሄደ። ተናንቴው ተቀብሎ አገላበጠው። እንደ ዘመኑ ጠመንጃ ጥይት አይጎርስም፤ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ ቃታው ሲሳብ ባልጩት ድንጋይ ከብረት ተጋጭቶ በሚወጣው ብልጭታ ነው የሚተኩሰው። ተናንቴው ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። ተሳሳቁ። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል፣ "ውሰደው፣ ለጦጣ ማስፈራሪያ ይሁንህ" አለው። አምባዬ ያን ቀን ጠመንጃው ስለተረፈለት ደስ አላለውም። አፍሮ ነበር የተመለሰው።

መገርሳ በቃሬዛ ከመጣ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ያን ነፍጥ አስታወሰ። መጀመሪያ የመጣው የመገርሳ ታናሽ ወንድም አራርሳ ነው። አራርሳ በጎሬ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር፤ ወንድሙ መጎዳቱን ሰምቶ ነው የመጣው። ከጉያው አንድ ቋጠሮ አወጣ።

"ባሩድ ነው" አለ። "መንገዱን ስንቆፍር ጥይት አገኘን። ደብቄ አንድ በአንድ ፈታሁት።"

አምባዬ ቋጠሮውን ከፍቶ አየ። ባሩዱ አመድማ ነው፣ እንደ ተሰባበረ ቅጠል ጠፍጠፍ ያለ።

"ስንት ይጎርሳል ነፍጥህ?" አለ አራርሳ።

"እኔ እንጃ። አባቴ ሲሞቱ ልጅ ነበርኩ። ለሠርግ ለሠርግ ሁለቴ ተኩሼበታለሁ፤ ያንንም ሌላ ሰው ነው ያጎረሰልኝ።"

"እንግዲያማ ሙላው። ገፈርሳ ነው እኮ፣ ጦጣ አይደለም" አለ አራርሳ፤ ጎሹን በኦሮምኛ እየጠራ።

የአምባዬ ሚስት ሙሉብርሃን ከጓዳ ወጣች። የመገርሳን ቁስል አጥባ መመለሷ ነበር፤ እጇ ገና እርጥብ ነው።

"ልኩን የማታውቀውን ነገር ጉንጭህ ላይ አስደግፈህ አትተኩስም" አለችው። "ጫካው አንድ ሰው ሰብሮብናል፤ ሁለተኛውን አንተ ራስህ እንድትሰብርብኝ አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።"

"የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፣ ሙሉዬ።"

"የዝሆን አዳኙ የነዚፍ ሚስት መቱ ከተማ አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ባሩድ ሲሰፍሩለት፣ አረር ሲያቀልጡለት የኖሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። እሳቸውን ጠይቅ።"

አራርሳ "ሴት ስለ ነፍጥ ምን ታውቃለች?" ሊል አፉን ከፈተ፤ የሙሉብርሃንን ዓይን አየና መልሶ ገጠመው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አምባዬ ቋጠሮውን ጤፍ መሐል ቀብሮ፣ አባቱ ከነፍጡ ጋር የተዉለትን አረር ማውጫ ቅርጽ በቀበቶው ሸጉጦ መንገድ ጀመረ። መቱ የደረሰው ቀትር ላይ ነው። የነዚፍ ሚስት እትዬ ሱልጣና ገበያው ዳር ጨውና ሳሙና የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲያዩ ዓይናቸውን ጠበብ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። አምባዬ የመጣበትን በጆሯቸው ነገራቸው። የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ወደ ጓሮ ወሰዱት።

"እስቲ ያመጣኸውን አሳየኝ" አሉት።

ቋጠሮውን ፈታላቸው። በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው አዩት፣ አሸተቱት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

"ከዚህ ተኩሰሃል?"

"ኧረ ገና ነኝ፣ እትዬ።"

"ወላሂ በል።"

"እውነቴን ነው፤ ሚስቴ ከለከለችኝ።"

እትዬ ሱልጣና በረጅሙ ተነፈሱ። ቁንጥሩን ፍም ላይ ጣሉት። ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ጭስ እንኳ አልተወም። ቀጥለው ከግድግዳው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ አሮጌ ቀንድ አወረዱ፤ አፉን የደፈነውን ሰም ፈልፍለው ጥቁር ባሩድ ለዓይን ያህል አወጡና እሱንም ፍም ላይ ጣሉት። እሱ ፍስስ ብሎ ነደደ፤ ነጭ ጭስ ጓሮውን ሞላው፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ይመስላል።

"አየህ? የእኛ ባሩድ ይገፋል" አሉ። "ያንተኛው ይሰብራል። ለዘመኑ ጠመንጃ የተሠራ ነው፤ የአባትህ ብረት አይችለውም።"

ቀንዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቀጠሉ።

"ነዚፍን ዝሆን የገደለው ነው የሚመስለው ሰው ሁሉ። እኔም እንደዚያ ይምሰል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ነጋዴ 'አዲስ ባሩድ መጥቷል፣ ብርቱ ነው' ብሎ ሰጠው። እኔ ያን ቀን ለቅሶ ሄጄ ነበር። ራሱ ሰፈረ፣ በድሮው ልክ። ብረቱ እንደ ሸምበቆ ተሰነጠቀ። ዝሆኑ እኮ ሳይነካ ነው ዞሮ የሄደው።"

አምባዬ ከኋላው ያለው የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ትናንት ማታ ቋጠሮውን ይዞ ነፍጡን እንዳወረደ፣ አንድ እፍኝ ለመጨመር ምን ያህል እንደቀረው አሰበ። ላቡ በጀርባው ወረደ፤ ከዚያ ሳያስበው ሳቀ። እትዬ ሱልጣናም ፈገግ አሉ።

"ሳቅ፣ ሳቅ። ሰው ሳይሞት ሲቀር ይስቃል" አሉት። "አሁን ይሄን መርዝ ሽንት ቤት ጣለው።"

ቀንዱ ውስጥ የቀረው ባሩድ ብዙ አልነበረም፤ ዓመታት ተቀምጦ ጠጥሮም ነበር። እትዬ ሱልጣና በእንጨት ማንኪያ ፈርከስ አድርገው በመዳብ ሳህን ላይ ዘርግተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። አምባዬ ምድጃ አጠገብ ቶሎ ይደርቅ እንደሆን ቢጠይቃቸው ቀና ብለው አዩት።

"ልጄ፣ አንተ ዕድሜህ የሰለቸህ ሰው ነህ እንዴ?"

ሲደርቅ ሰባት ጊዜ የሚያስተኩስ ሆነ። ሥራው ሁሉ በሰባት ተኩስ ማለቅ አለበት። ምን ያህሉ ለመሞከሪያ፣ ምን ያህሉ ለጎሹ? አምባዬ አንድ ሞክረን ስድስቱን እናስቀምጥ አለ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልኩን ያላወቅህ እንደሆነ ስድስት ቢኖርህም ባዶ እጅህን ነህ። ልኩን ካወቅህ ሁለት ይበቃሃል። ነገ በቅሎ ጫንልኝ፤ አብሬህ እመጣለሁ።"

እንዳሉትም መጡ። ሁሩሙ ያለችው የወንድማቸው ልጅ ቤት አርፈው፣ በበነጋው ጠዋት በአምባዬ እርሻ ዳር ወዳለው ሜዳ ወጡ። ተኩስ ካምፑ ድረስ እንደሚሰማ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ተናንቴው ራሱ ጦጣ አስፈራራበት ብሎ የለ? የሚሰማ ይስማ ተባለ።

እትዬ ሱልጣና መጀመሪያ ብረቱን አጠቡ፣ ውስጡን በዘይት አስወለወሉ፣ በጣታቸው እየመቱ ድምፁን አዳመጡ። ስንጥቅ የለውም። ከዚያ እርሳስ አቀለጡ። ከአምባዬ ቅርጽ የወጣው አረር የአውራ ጣት ጫፍ ያክላል። ለአምባዬ ሰጡት።

"መዳፍህ ላይ አስቀምጠው። አሁን ባሩዱን በላዩ አፍስስ፤ ቀስ በል። አረሩ ተሸፍኖ አናቱ ብቻ ሲቀር አቁም። አዎ። መነሻው ይሄ ነው። ሚዳቋ ይጥላል።"

"ለጎሽስ?"

"ለጎሽ ከዚህ ላይ ሲሶ እንጨምራለን። ግን ዓይናችን አይቶ ነው የምንጨምረው።"

ነፍጡን በሁለት ባላ ላይ አሰሩት፤ ቃታው ላይ ገመድ አሰሩ። ከአፈሙዙ ፊት መሬቱ ላይ የሙሉብርሃንን ነጠላ አነጠፉ። በሠላሳ እርምጃ ላይ የዋንዛ ግንድ አቆሙ። አረሩን ሞራ በተቀባ ስስ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በዘንግ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ጠቅጥቀው፣ ከዛፍ ኋላ ሆነው ገመዱን ሳቡ።

ነፍጡ አገሳ። ብረቱ ደህና ነው። ነጠላው ነጭ ነው፤ ባሩዱ ሁሉ ነዷል። አረሩ ግን ግንዱ ላይ እንደ ተጠፈጠፈ ጭቃ ሆኖ ተገኘ፤ ቅርፊቱን እንኳ በቅጡ አላለፈም።

"እርሳስ ብቻውን ለስላሳ ነው። ጎሽ ትከሻ ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው" አሉና ከመቱ ይዘው የመጡትን ማንቆርቆሪያ መበየጃ ቆርቆሮ ከእርሳሱ ጋር ቀላቅለው አቀለጡ። የወጣው አረር ያንጸባርቃል፤ በጥርስ ሲነከስ አይበሳም። ሲሶ ባሩድ ጨምረው ሁለተኛውን ተኮሱ። አረሩ ግንዱን አንድ ስንዝር ያህል ገብቶ ቀረ። ነጠላው አሁንም ንጹሕ ነው።

አራርሳ ዘለለ። "እንዲህ ነው! አሁን ደግሞ እጥፍ እናድርገውና ግንዱን እናልፈዋለን።"

"አይሆንም" አለ አምባዬ። "ባሩዱ ውድ ነው።"

"ተወው" አሉ እትዬ ሱልጣና። "ሰው እንዲያምን አንድ ባሩድ ይገባዋል። ብረቱ ትንሽ ጭማሪ ይችላል፤ እጥፍ ግን አልሰጥህም።"

ጨመሩለት። ሲተኮስ ነፍጡ ከባላው ላይ ዘሎ ወደቀ፤ አረሩ ግንዱን ስቶ የት እንደገባ አልታወቀም። ነጠላው ላይ ያልነደደ ባሩድ እንደ ኑግ ተበትኗል።

"የተረፈው ባሩድ ምን ሠራ?" አሉት አራርሳን።

አራርሳ አንገቱን አከከ። "ምንም።"

"ሠራ እንጂ። ተደግፈኸው ቢሆን ትከሻህን ይመታ ነበር፤ ጎሹን ግን አይመታም።"

አራርሳ ከዚያ በኋላ አልተከራከራቸውም። እንዲያውም በረደዎ ብሎ ጋቢውን ያለበሳቸው እሱ ነው። አራተኛውን አምባዬ በትከሻው አስደግፎ ተኮሰ፤ በሠላሳ እርምጃ ነፍጡ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ እንደሚጥል ለየ። ሦስት ባሩድ ቀረ። እትዬ ሱልጣና ሦስቱን ለየብቻ በሸምበቆ ሰፍረው፣ አፋቸውን በሰም ደፍነው ሰጡት። የጃርት እሾህም ጨመሩለት፤ ብልጭታው ወደ ባሩዱ የሚገባባት ቀዳዳ ስትደፈን መጎርጎሪያ ነው።

"ከሠላሳ እርምጃ ርቆ ከቆመ አትተኩስ" አሉት። "ከክንዱ ኋላ ያለችውን ቦታ ካላየህ አትተኩስ። ባትተኩስ ማንም አይቀየምህም።"

በነጋታው አምባዬና አራርሳ ጤዛው ሳይረግፍ ገቡ። አራርሳ ጦር ይዞ ዱካ እያየ ከፊት፣ አምባዬ ነፍጡን በቆዳ ሸፍኖ ከኋላ። ቡናው በግራም በቀኝም ቀልቶ ቆሟል፤ የሚረግጡት ፍሬ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ሄዱ። ረግረጉ ዳር ሲደርሱ አራርሳ እጁን አነሣ።

ጎሹ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ነፋሱ ወደ እነሱ ነው፤ የቁስሉ ሽታ ይመጣል። አምባዬ ቆጠረ። ሠላሳ አምስት። በጉልበቱ ተሳበ። ሠላሳ። ሃያ ስምንት። ጉቶ ላይ አስደግፎ ቃታውን ሳበ።

ብልጭ አለ፤ ከላይ ያለችው ባሩድ ፍስስ ብላ ነደደች። ነፍጡ ግን አልተኮሰም።

ጎሹ ራሱን አነሣ። አምባዬ እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። እሾኩን አወጣ፣ ቀዳዳዋን ጎረጎረ፣ ከሸምበቆው ጥቂት ባሩድ ላይዋ ላይ አፈሰሰ፣ ባልጩቱን መለሰ። አራርሳ ከጎኑ ጦሩን ወድሮ ቆሟል፤ አልሸሸም፤ "ቀስ፣ ቀስ በል" ይለዋል በሹክሹክታ። ጎሹ ሁለት እርምጃ መጣ፤ አሸተተ፤ እንደገና ጎኑን ሰጠ። አምባዬ ከክንዱ ኋላ አንድ መዳፍ ወደ ግራ አስቦ ሳበ።

ነፍጡ አገሳ፤ ጭሱ ሁሉን ነገር ሸፈነው። ምንም አይታይም። ከጭሱ ወዲያ የሚሰበር ቅርንጫፍ ድምፅ መጣ፤ መሬቱ ተርገደገደ፤ ድምፁ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ከዚያ ቆመ። አምባዬ ነፍጡን እንደ ዱላ ይዞ ተነሣ። ጭሱ ቀስ እያለ በቅጠሉ መሐል ወጣ። ጎሹ አሥር እርምጃ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ከዚያ አሁን በተመታው ጎኑ ላይ ተገልብጦ ወደቀ፤ አልተነሣም።

አራርሳ ጦሩን ጣለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። "አልሸሸሁም" አለ። "አምባዬ፣ አየኸኝ አይደል? አልሸሸሁም።"

"አይቼሃለሁ" አለ አምባዬ፤ ሁለቱም ያልቅሱ ይሳቁ ማንም አይለይም ነበር።

ሴቶቹ ተኩሱን ከመንደር ሰምተዋል። ሙሉብርሃን አንድ ተኩስ ብቻ ሰምታ ዝም ሲል፣ እትዬ ሱልጣናን ጥላ ወደ ጫካው ሮጠች። አምባዬን በእግሩ ቆሞ ስታየው ደረቱን በሁለት እጇ መታችው፤ ከዚያ አቀፈችው። ትንፋሿ ሲመለስ ግን መጀመሪያ ያለችው፣ "ጣልያኑም ሰምቷል። አረሩን አውጡት!" ነው።

እውነቷን ነው። ጎሽ የሚጥል ነፍጥ ጦጣ ማስፈራሪያ አይባልም። ሦስቱ ሬሳውን በእንጨት ፈንቅለው አነሡት፤ አምባዬ በካራ ቆፍሮ አረሩን አወጣና እንደነበረ በቁስሉ ላይ መልሰው አስተኙት። ነፍጡን አራርሳ ጥቅጥቅ ያለ ቡና ውስጥ ከተተው።

ተናንቴው ከአስተርጓሚውና ከአራት ወታደር ጋር ሲደርስ የሁሩሙ ሰው ግማሹ ተሰብስቧል።

"ማነው የገደለው?" አለ አስተርጓሚው።

ሰው ሁሉ አምባዬን ላለማየት መሬት አየ። አራርሳ ወደ ፊት ወጣ።

"የጌታዬ ወታደሮች ናቸው። ያን ጊዜ የመቱበት ጥይት ነው ሲያንገላታው ከርሞ ዛሬ የጣለው። ይኸው ቁስሉ" አለና የኋላ እግሩ ላይ ያመረቀዘውን አሮጌ ቁስል አሳየ።

"ተኩስ ተሰምቷል።"

"ጦጣ ነው ጌታዬ። ጦጣው በዝቶብናል።"

አስተርጓሚው የአገሩ ሰው ነው። አራርሳን አየው፤ የአምባዬን በባሩድ የጠቆረ ጉንጭ አየ። ከዚያ ወደ ተናንቴው ዞሮ በጣልያንኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ተናንቴው ግን ፊቱ በራ። ወታደሮቹን ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው፤ ጎሹ ላይ እግሩን ጭኖ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ራሱን አስቆርጦ በአራት ሰው አሸክሞ ሄደ።

መንገዱ እስኪታጠፍ ማንም አልተነፈሰም። ከታጠፉ በኋላ ግን መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ፤ ጫካው በሳቅ ተሞላ። ወሬው መገርሳ አልጋ ድረስ ሲደርስ እሱም ሳቀ፤ እግሩ ስላመመው እየጮኸ ሳቀ።

አምባዬ ሲመለስ እትዬ ሱልጣናን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነሡም። ቆመው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ አገላብጠው አዩት፤ ዓይኑን፣ ጉንጩን፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ሁሉም አለ።"

ተመልሰው ሲቀመጡ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አምባዬ ከጎናቸው ተቀመጠ። ኋላ ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀለል ብሎ ነበር። "እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ" አሉት። "ስንት እርምጃ ላይ ነበር የቆመው?"

ነገራቸው። እንደገና አስደገሙት።

በማግስቱ ለቃሚው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ጀምሮ ቅርጫቱን እያንጠለጠለ ወደ ጫካው ጎረፈ፤ ሴቶቹ ከዚህ ማዶና ከዚያ ማዶ እየተጣሩ ይዘፍኑ ነበር። ሙሉብርሃን ባሏን ለመቀስቀስ ገብታ አየችው፤ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ብቻዋን ሄደች። እስከ ቀትር ተኛ።